ውኃው የት ሄደ? በደጋ አገር የሞተር ውኃ ሲጎድል መንስኤውን ስለ መፈለግ

መግቢያ

ከወረታ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ሳያይ አይቀርም። መኪናው ዓለም በርን አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው ሹፌሩ አንድ ዓይኑን ከመንገዱ፣ አንድ ዓይኑን ከሙቀት ጌጁ ላይ ያደርጋል። ትንሽ ሄዶ ዳር ይይዝና ሞተሩን ያጠፋል። ረዳቱ ከወንበር ሥር ቢጫ ጀሪካን መዝዞ ወደ ጅረት ይሮጣል። ተሳፋሪው "ፈላ እንዴ?" ይባባላል። ውኃ ይጨመራል፣ ጉዞው ይቀጥላል። በማግስቱም እዚያው ቦታ ላይ እንዲሁ ይደረጋል። "ትናንት የጨመርነው ውኃ የት ሄደ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መጠየቅና መልሱ እንዴት እንደሚፈለግ ማሳየት ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ራዲያተር ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ በየዜናው "በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት" የምትል ሐረግ እንጽፋለን፤ ብልሽቱ ምን እንደሆነ ግን አንጠይቅም፤ ብንጠይቅም የሚነገረንን መልስ መመዘን አንችልም። ሁለተኛው የቤቴ ጉዳይ ነው። ይህ ጥያቄ በጊዜው ሳይጠየቅ በመቅረቱ ቤተሰቤ ምን እንደከፈለ አይቻለሁ።

አንድ ገጠመኝ

ታላቅ ወንድሜ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የሚመላለስ አሮጌ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ይነዳል። ሞተሩ ከፊተኛው ወንበር ሥር ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ መኪናው በቀን አንድ ሊትር ያህል ውኃ መጉደል ጀመረ። ከሥሩ ጠብታ አይታይም። ጌጁም ከመሃል ፈቅ አይልም። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። እዚያ ያለው መካኒክ ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳው ከማርሚታው ነጭ ጭስ ወጣ። "በቃ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል" አለ። ምርመራው ይኸው ነበር።

ቴስታታው ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ። መኪናው 6 ቀን ቆመ። ለጎማ መቀየሪያ የተቀመጠው ገንዘብ አለቀ፤ አልበቃ ሲል እናታችን የደረሳትን ዕቁብ አውጥታ ሰጠች። ወንድሜ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ውኃው እንደ በፊቱ ጎደለ። ተመልሶ ሲሄድ "እንግዲያው ቴስታታው ራሱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም፣ መቀየር አለበት" ተባለ። በቤታችን ከዚህ በኋላ የሚወጣ ዕቁብ አልነበረም።

በሰው ጥቆማ ደብረ ታቦር ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድን። ሰውየው መፍቻ አላነሱም። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠየቁ።

"ልጄ፣ ውኃው የሚጎድለው ቆሞ ሲያድር ነው ወይስ ሲሠራ ውሎ?"

"ሲያድርስ አይጎድልም ጋሼ። ማታ ሞልቼው ጠዋት እንዳለ አገኘዋለሁ።"

"ባሕር ዳርና ወረታ መካከል ስትመላለስስ?"

"ሜዳው ላይ ደህና ነው። የሚብሰው ዳገቱን ጨርሼ እዚህ ስደርስ ነው።"

"ጌጁስ ከፍ ይላል?"

"ኧረ ከመሃል አይነቃነቅም።"

"መናኸሪያ ገብተህ ሞተሩን ስታጠፋ ይንተከተካል?"

"እንደ ሽሮ ነዋ ጋሼ!"

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን እንዳገኙ ከመናገሬ በፊት ግን እነዚህ ጥያቄዎች ለምን እንደተጠየቁ እንመልከት።

ጤነኛ ሞተር ውኃ አይጠጣም

"ይቺ መኪና ውኃ ትጠጣለች" የምንለው አነጋገር አሳሳች ነው። ነዳጅ ይቃጠላል፣ ስለዚህም ያልቃል። የሞተር ውኃ ግን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሥራው ሙቀት ማመላለስ ብቻ ነው። ሞተር ከነዳጁ ከሚያገኘው ኃይል በግምት አንድ ሦስተኛው መኪናውን ለመግፋት ይውላል። ሌላው አንድ ሦስተኛ ገደማ ከጭሱ ጋር በማርሚታ ይወጣል። ከቀረው ሙቀት አብዛኛውን ተሸክሞ የሚያወጣው ውኃው ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዋተር ፓምፑ በቺንጋ እየዞረ ውኃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ ባሉት መተላለፊያዎች ይገፋዋል። ውኃው በበቂ ሁኔታ ሲሞቅ ቴርሞስታት የምትባለው በር ትከፈትና በላይኛው ማኒኮቶ ወደ ራዲያተር ይገባል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ የመንገዱ ነፋስና ቬንትሌተሩ ያቀዘቅዙታል። ከዚያ በታችኛው ማኒኮቶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሲሞቅ መጠኑ የሚጨምረው ውኃ ሪዘርቭ ወደሚባለው የፕላስቲክ ዕቃ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚያ ተስቦ ይመለሳል።

እንግዲህ ዙሩ ዝግ ነው። ዝግ በሆነ ዙር ውስጥ ውኃ ጎደለ ማለት ውኃ ወጣ ማለት ነው። ከወጣ ደግሞ የወጣበት በር አለ። ምርመራ ማለት ያንን በር መፈለግ እንጂ ጀሪካን ይዞ መሮጥ አይደለም። (በየከተማው የምናያቸው አብዛኞቹ ባጃጆች ሞተራቸው በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላቸውም፤ ይህ ጽሑፍ እነሱን አይመለከትም።)

ደጋ ሲሆን ምን ይለወጣል?

ከአንድ የማዕድ ቤት እውቀት ልነሳ። ደብረ ታቦር ላይ የባቄላ ንፍሮ ከወረታ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል እናቶቻችን ያውቁታል። ምክንያቱ እሳቱ ወይም ባቄላው አይደለም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ገና ሙቀቱ ሳይበረታ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ ክዳን እስካልታፈነ ድረስ ሙቀቱ አይጨምርም። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ባሕር ዳርና ወረታ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላባቸዋል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ በ91 ዲግሪ ይፈላል። በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል የጉናን ትከሻ አልፈን ነፋስ መውጫ ስንደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ የመፍያው ልክ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል።

አሁን ይህንን ከሞተሩ ጋር እናያይዘው። ብዙዎቹ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት 80ዎቹ ዲግሪዎች ውስጥ ነው። ጤነኛ ሞተር በሥራ ላይ እያለ ውኃው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ባይኖር ኖሮ ደብረ ታቦር ላይ ምንም ያልታመመ ሞተር ውኃው ሊፈላ ይችል ነበር ማለት ነው።

የራዲያተር ክዳን ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ክዳኑ እንደ ጠርሙስ ክዳን መክደኛ ብቻ አይደለም። በውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው። ውኃው ሲሞቅ የሚፈጠረውን ግፊት አፍኖ ይይዛል። በብዙ መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ የሚይዘውን ግፊት በባር ወይም ከባር እምብዛም በማይለይ መለኪያ የሚገልጽ ነው። 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን ደብረ ታቦር ላይ ንጹሕ ውኃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ክዳኑ ከደከመ ግን ያው 91 ዲግሪ ነው። በአንዲት ክዳን ምክንያት የሚገኘው ወይም የሚጠፋው ልዩነት 23 ዲግሪ ያህል ነው።

በዚህ ላይ ዳገቱ ራሱ አለ። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 900 ሜትር ከፍታ እንወጣለን። ከዚያም ባሻገር በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት የወረታ ወልዲያ መንገድ የጋይንት ዳገትና ቁልቁለት ይቀጥላል። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት የፈጀባቸው አቅጣጫ ነው። ሙሉ ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ያንሳል። አየሩም ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ባጭሩ፣ ሜዳ ላይ ተደብቆ የከረመ ትንሽ ጉድለት እኛ ዳገት ላይ ይጋለጣል።

ውኃ የሚወጣባቸው ሦስት በሮች

አንደኛ በር፡ ወደ ውጭ ማፍሰስ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውና በቀላሉ የሚገኘው ይሄ ነው። የሚያፈሱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ማኒኮቶዎቹ ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ ወይም ያብጣሉ፤ በፋሼታ የታሰሩበት ጫፍ ላይ ያንጠባጥባሉ። ራዲያተሩ በላይና በታች ከፕላስቲክ ጋኑ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ይፈሳል። ዋተር ፓምፑ ከዘንጉ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ የውስጡ ሲል ሲያረጅ ውኃው በእሷ ይወጣል። የካቢን ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሲያፈስ ደግሞ ውኃው ምንጣፉ ሥር ስለሚገባ መሬት ላይ ጠብታ አይታይም፤ ግን ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፣ ኩላንት ከሆነም ጣፋጭ ሽታ ይሸታል።

ጠብታ አለመታየቱ ፍሳሽ የለም ማለት አይደለም። በሞቀ ሞተር ላይ የተንጠባጠበ ውኃ መሬት ሳይነካ ይተናል። የሚቀረው ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ያለ። መፈለግ ያለብን እርጥበቱን ብቻ ሳይሆን የደረቀ ዱካውንም ነው።

ሁለተኛ በር፡ በክዳንና በሪዘርቭ በኩል መውጣት

እዚህ በር ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው ሞተሩ በእውነት ከልክ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቴርሞስታት ተዘግቶ ሲቀር፣ ቬንትሌተር ሳይዞር ሲቀር፣ ቺንጋ ሲላላ፣ ራዲያተር በዝገትና በጭቃ ሲደፈን። በዚህ ጊዜ ጌጁ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ሞተሩ ልኩን ሳያልፍ ክዳኑ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ነው። በዚህ ጊዜ ጌጁ መሃል ላይ እንዳለ ውኃው ይፈላና በእንፋሎት መልክ ወይም በሪዘርቩ አፍ በኩል ይወጣል። ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ "ጌጁ ከፍ ይላል ወይ?" የሚለው ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ውኃው በጣም ከጎደለ ጌጁን የሚያሠራው ሴንሰር በእንፋሎት ውስጥ ሊቀርና ሊዋሽ ይችላል። ጌጅ የሚታመነው ውኃ እስካለ ድረስ ነው።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሪዘርቩ ውኃ ስቦ እንዲመለስ የምታደርግ ትንሽ ሁለተኛ በር አለችበት። እሷ ከተጣበቀች ሪዘርቩ ሞልቶ እያለ ራዲያተሩ ይጎድላል፤ አንዳንዴም ጠዋት ሲታይ ላይኛው ማኒኮቶ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛ በር፡ ወደ ውስጥ መግባት

ቴስታታውና የሞተሩ አካል የሚገናኙበት ጓርኒሲዮን (ጋስኬት) ሲበላ ወይም ቴስታታው ሲሰነጠቅ ውኃው ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ ዘይት ይገባል። ይሄ ከሁሉም ውዱና አደገኛው ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ይወጣል። በመለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል። ሞተሩ ከተነሳ ገና አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሆነው ማኒኮቶው ድንጋይ ይሆናል። በቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላዎቹ ሲፈቱ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ ይመስላል።

የእኛ አገር ብርድ እዚህ ላይ ያሳስታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ታቦር ላይ የማንኛውም ጤነኛ መኪና ማርሚታ ነጭ እንፋሎት ያወጣል። ነዳጅ ሲቃጠል ውኃ ይፈጠራል፤ ያ ውኃ በብርዱ ይጨሳል፤ ከአፋችን የሚወጣው ትንፋሽ እንደሚታየው ማለት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። እንዲሁም አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና የዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ ቅባት ሊይዝ ይችላል፤ መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የወንድሜ ቴስታታ የወረደው በእንዲህ ዓይነት የጠዋት ጭስ ተፈርዶበት ነው።

ቅደም ተከተሉ

ምርመራ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከማየት ወደ መፍታት መሄድ አለበት። ማንም ሹፌር ሊከተለው የሚችለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ. መመዝገብ። ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሪዘርቩ ላይ ውኃው ያለበትን ቦታ በማርከር ማስመር። ራዲያተሩም ቀዝቃዛ እያለ ከፍቶ ማየት። ለአንድ ሳምንት ምን ያህል እንደጎደለ፣ የት መስመር እንደተሠራ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ በደብተር መጻፍ። "ብዙ ይጎድላል" ማለት መረጃ አይደለም፤ "ደብረ ታቦር ስደርስ ግማሽ ሊትር፣ ሜዳ ላይ ምንም" የሚለው ግን መረጃ ነው።

2ኛ. ማታ መኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን ማንጠፍ። ጠዋት እርጥብ ከሆነ የጠብታውን ቦታና ቀለም ማየት። ውኃ ነው፣ ዘይት ነው ወይስ ከኤር ኮንዲሽነር የወረደ ንጹሕ ጠብታ ነው?

3ኛ. በቀን ብርሃን ማኒኮቶዎችን፣ ፋሼታዎችን፣ ራዲያተሩን፣ የዋተር ፓምፑን ሥርና የካቢን ምንጣፉን መፈተሽ። እንደ ሃይኤስ ሞተሩ ከወንበር ሥር የሆነ መኪና ከሆነ ወንበሩን ገልብጦ በባትሪ ማየት ያስፈልጋል።

4ኛ. ክዳኑን ማየት። ጎማው ደርቋል? ተሰንጥቋል? ስፕሪንጉ በአውራ ጣት ሲጫን ያለ ምንም ትግል ይገባል? ከአዲስ ክዳን ጋር ማወዳደር። ሲቀየር በመኪናው የታዘዘውን ቁጥር ብቻ መግዛት፤ ከታዘዘው በላይ የሚይዝ ክዳን ማድረግ ያረጀ ማኒኮቶና ራዲያተር ያፈነዳል።

5ኛ. የግፊት ፓምፕ። በክዳኑ ቦታ የሚገጠም፣ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ አለ። ክዳኑ እስከሚይዘው ግፊት ድረስ ተነፍቶ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ይታያል። መርፌው ካልወረደ ዙሩ ጤነኛ ነው። ከወረደና ውጭ ላይ ፍሳሽ ከታየ በሩ አንደኛው ነው። ከወረደና ውጭ ላይ ምንም ከሌለ ሦስተኛውን በር መጠርጠር ይገባል። በብዙዎቹ ላይ በማገናኛ ክዳኑንም ለብቻው መፈተሽ ይቻላል።

6ኛ. የጋዝ ምርመራ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ብልቃጥ ይደረጋል። ከሲሊንደር ያመለጠ የጭስ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ቀለሙን ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ይለውጣል።

ቴስታታ ማውረድ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚህ በፊት የሚወርድ ከሆነ ግምት እንጂ ምርመራ አይባልም።

አሁን ወደ አዛውንቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ አንደኛውን በር ለመዝጋት ነበር፤ ሲያድር የማይጎድል ከሆነ ዝም ብሎ የሚያንጠባጥብ ነገር መኖሩ ያጠራጥራል። ሁለተኛው ከፍታውንና ዳገቱን ለመለየት ነው። ሦስተኛው ሞተሩ በእውነት መሞቁን ለማወቅ ነው። አራተኛው ደግሞ መልሱን ሰጠ። ሞተር ሲጠፋ ዋተር ፓምፑ ይቆማል፤ የጋለው ብረት ግን ለተወሰነ ጊዜ ውኃውን ማሞቁን ይቀጥላል። ጤነኛ ክዳን ቢኖር ግፊቱ ስለሚያፍነው አይንተከተክም ነበር። "እስቲ መጀመሪያ ክዳኑን አምጣልኝ" አሉ። ጎማው እንደ ቀንድ ደርቆ ነበር። ዘይቱን አዩ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በቀዝቃዛው ሲነሳ አረፋ አለመኖሩን አዩ፤ ከዚያ አዲስ ክዳን አስገዙት። ውኃው መጉደል አቆመ። ለክዳኑ የተከፈለው ገንዘብ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር የጥቂት ሰው ትራንስፖርት ቢሆን ነው።

ችግሩ ሁልጊዜ ክዳን ነው ማለቴ አይደለም። ነገ ሌላ መኪና ላይ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ማለት የፈለግሁት፣ ሳይጠይቁ የተቀየረ ጓርኒሲዮን ትክክል ቢሆን እንኳ በዕድል ነው።

መታረም ያለባቸው ልማዶች

የሞቀ ክዳን መክፈት። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በግፊት ታፍኖ 105 ወይም 110 ዲግሪ የደረሰ ውኃ ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት መፍያው ወደ 91 ስለሚወርድ ከፊሉ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ጨርቅ መጠቅለል አያድንም። አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ ረዳት ከክንዱ እስከ አንገቱ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተሳፋሪው ችኮላ ነበር የገፋፋው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅና ላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጨበጥ ልስልስ ማለቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። "ሹፌር እንሂድ እንጂ!" የምንል ተሳፋሪዎችም ድርሻ አለን።

በጋለ ሞተር ላይ የጅረት ውኃ መቸለስ። ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ያልነበረውን ሦስተኛ በር በገዛ እጃችን ከፈትነው ማለት ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። "እኛ አገር አያስፈልግም" ሲባል እሰማለሁ። በተለይ ለደጋ ይህ ስህተት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይፈጃል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። ከዚያም በላይ፣ ሞተሩ የሚሞቅበት እውነተኛ ምክንያት ተሸፍኖ ይቆያል።

ሁልጊዜ ንጹሕ ውኃ ብቻ መጠቀም። ውኃ ብቻውን ብረቱን ያዝጋል፣ ራዲያተሩንም በቅርፊት ይደፍናል። ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ መፍያውን በባሕር ጠለል ወደ 107 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታችም አይረጋም። በጉና አካባቢ ውርጭ በሚጥልበት ወር ለሚያድር መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ውኃ ሲረጋ ይሰፋል፣ የያዘውንም ይሰነጥቃል። ኩላንት መርዝ መሆኑን ግን መዘንጋት የለበትም። ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትና ውሾች እንዳይቀምሱት በየሜዳው መድፋት አይገባም።

ማጠቃለያ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ነገር ግን በየመናኸሪያው የተሰለፉት አሮጌ ሞተሮች እዚያው ናቸው፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም በእነሱ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቢመጣም ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ስለሆነ ጥያቄው አብሮን ይቆያል።

ለሹፌሮች የምለው አንድ ነገር ነው። ጋራዥ ስትሄዱ "ጓርኒሲዮን ቀይርልኝ" አትበሉ፤ "ውኃው በየት በኩል እንደሚወጣ አሳየኝ" በሉ። የሚያሳያችሁን ሰው ክፈሉት፤ የመመርመር ዋጋ ከመቀየር ዋጋ ያነሰ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ፣ "የቴክኒክ ብልሽት" ብለን ከመጻፋችን በፊት አንድ ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ የትኛው ክፍል ነው? ከመቼ ጀምሮ? ማን መረመረው? በምን አረጋገጠ? እነዚያ አዛውንት የጋዜጠኝነት ክፍል ገብተው አያውቁም። ግን መልሱን ሳይዙ መፍቻ አላነሱም።

ወንድሜ አሁን በዳሽቦርዱ ላይ አንዲት የዐሥራ ስድስት ሉክ ደብተር አስቀምጧል። ጠዋት ጠዋት የውኃውን ልክ ይጽፍባታል። ላለፉት አራት ወራት የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው፦ "እንዳለ"።